በእጅጋየሁ አፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ደብዳቤው መጣ፤ ከነካሴቱ። ይህን ደብተር ያስቀመጥኩት ለሰባተኛ «ለ» ክፍል ውጤት መመዝገቢያ ነበር። ለእኔው ይሁን። ለሰው የማልነግረውን የት ልጣለው?

ሆላንዳዊቷ ጌርዳ የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከተደረገ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሐኪሞቹ የልጄ የእጅጋየሁ ልብ ድኗል ብለዋል ትላለች። ትሮጣለች፣ ደረጃ ትወጣለች፣ ከንፈሯ መጥቆሩን ትቷል። እዚህ ድረስ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያልኩ ነበር የማነበው። ለገና ይዣት እመጣለሁ፣ ሦስት ሳምንት እንቆያለን ብላለች። ከዚያ በታች ያለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

«ልጅቷ አማርኛ ረስታለች። አንድም ቃል አልቀራትም፤ የምትናገረው ሆላንድኛ ብቻ ነው። ከእናንተ ጋር መቅረት ካስፈራት አላስገድዳትም፣ እናንተም አታስገድዷት። እኔና ባለቤቴ ልናሳድጋት ደስተኞች ነን። ለዚያ የሚሆነውን ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ። እስክንመጣ አትፈርሙ፤ አስቡበት ብቻ።»

ደግ ሴት ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከእርዳታ ሰጪዎቹ ጋር መጥታ፣ በልብ ማዳመጫዋ የልጄን ልብ ሰምታ «እዚህ ከቆየች ትሞታለች» ያለችኝ እሷ ናት። ይዛት ስትሄድ እጅጋየሁ አራት ዓመቷ ነበር። ልጄን ከሞት አፍ ያወጣች ሴት ናት፣ ምን እላታለሁ። ወረቀቱን ግን ሳጥኑ ውስጥ ከነጠላዬ ሥር ከተትኩት።

እኔ እኮ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ! አሥራ አንድ ዓመት የሰው ልጅ አስተምሬ የእኔዋ በአማርኛ ውሃ መጠየቅ አትችልም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው አሉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 10

የትምህርት ቤቱ ቴፕ ከተበላሸ ቆይቷል። ካሴቱን ይዤ ዓብዱ ዘንድ ሄድኩ። ዓብዱ የአሊዩ አምባ ሰው ነው፤ እነ ጌርዳ እዚህ ሳሉ ሾፌራቸው ነበር፣ አሁን የውሃ ሥራ ላንድሮቨር ይነዳል። መኪናውን በረሳ ወንዝ ድልድይ አጠገብ አቁሞ ካሴቱን ከተተው።

መጀመሪያ ጌርዳ አወራች። ቀጥሎ አንዲት ልጅ «ኤዪኻየሁ» አለች።

«ማን ናት ደግሞ ይቺ?» አልኩት።

ዓብዱ ዞር ብሎ አየኝና ዓይኑን መለሰ። «ስሟን እየነገረችሽ እኮ ነው መምህርት። እጅጋየሁ ማለቷ ነው። እነሱ በፈረንጅ ፊደል ሲያነቡት ‹ጅ›ን ‹ይ›፣ ‹ጋ›ን ‹ኻ› ይሉታል።»

ስሟን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እኔ «ማን ናት» አልኩ።

አንድ ነገር ግን ሰማሁ። ጌርዳ የሆነ ነገር ስትጠይቃት ልጄ በቃል አልመለሰችም፤ ትንፋሿን ወደ ውስጥ «እህ» ብላ ሳበችው። እኛ አዎ ለማለት እንደምንስበው! «መልሰው» አልኩት። አምስት ጊዜ መለሰልኝ። «ፈረንጅ እንዲህ አያደርግም። እኛ ስንተነፍሰው የደነገጥን ነው የሚመስላቸው» አለኝ። እንግዲህ ቃሉ ቢጠፋም ትንፋሹ አለ ማለት ነው። ወይስ ጉንፋን ይዟት ይሆን?

እሑድ፣ ጥቅምት 14

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ዓብዱን «ሆላንድኛ አስተምረኝ» አልኩት።

«እኔ እኮ የተማርኩት ከመካኒካቸው ነው፤ ሞተር ሥር ተኝቼ።»

«ሞተር ሥርም ቢሆን።»

ጀመርን። «ሁ ኻት ኧት?» ማለት እንዴት ነሽ ነው። መልሱ «ኹት»፣ ደኅና። እኔ «ሁት» አልኩ። መሪውን ይዞ ሳቀ።

«‹ሁት› ባርኔጣ ነው! እንደምን አለሽ ስትልሽ ባርኔጣ ነኝ እያልሻት ነው።»

«ሁት።»

«ከጉሮሮ መምህርት፣ ከጉሮሮ! እኛ ዘንድ የስድስት ዓመት ቁርኣን ቀሪ የሚለውን እንዴት ያቅትሻል? እስቲ ‹ኸይር› በይ።»

«ሀይር።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አለ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ባርኔጣ ሆኜ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

ችኮላ ላይ ነኝ፣ ቤት ውስጥ የሚታጠብ አለ። የሳምንቱ ቃላት፦

ዳኅ። ሲገናኙም ሲለያዩም ይባላል። እኛም ደኅና ተባብለን እንገናኛለን፣ ደኅና ተባብለን እንለያያለን፤ «ኅ»ዋ እንኳ አልጎደለችም።

ያ፣ አዎ። ኔ፣ እምቢ ወይም አይደለም። ኮም፣ ና። ለወንድም ለሴትም ያው ነው። ሰነፍ ቋንቋ!

ሄፕ የ ፐይን? ያምሻል?

ኢክ ቤን የ ሙደር። እናትሽ ነኝ። ይህን ሃምሳ ጊዜ። ኢክ ቤን የ ሙደር፣ ኢክ ቤን የ ሙደር። ለእናትነት ልምምድ!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25

ዛሬ ከአንድ ተማሪ ላይ ተማርኩ። ዘርአ ዳዊት የሚባል ከአንኮበር ሥር የመጣ ልጅ ነው፤ ሲያነብ «ኸቤት ወጥቶ ኸገበያ ሲመለስ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ሁልጊዜ በአለንጋዬ ጠረጴዛ መትቼ «‹ከ› በል!» ነበር የምለው። ዛሬ «እስቲ ድገመው» አልኩት። ደገመው። «እንደገና።» ልጁ የማላግጥበት መስሎት ዓይኑ እንባ ሞላ። «አይደለም ልጄ፣ ልማረው ብዬ ነው» ስለው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔም እኮ የዚያው ገደል ልጅ ነኝ። እናቴ ነፍሷን ይማርና «ኸየት መጣሽ?» እንጂ «ከየት» ብላ አታውቅም። መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ የከተሞቹ ልጆች ስሜን ትተው «ኸየት መጣሽ» ነበር የሚሉኝ። «ኸ»ን እንደ ንፍጥ ጠርጌ ጠርጌ በሁለት ዓመት ከአፌ አጠፋሁት። ይባስ ብዬ የሰውንም ልጅ ሳስጠፋ ኖርኩ። ልጆቹ «ለምን ሦስት ዓይነት ‹ሀ› አስፈለገ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ለጌጥ» እላለሁ። «ብዙኃኑ ኀ» የሚባለው ፊደል ድሮ ከጉሮሮ ይወጣ ነበር አሉ። እኔ ከጌጥ ቆጠርኩት።

ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ሰው አለመኖሩን አየሁና «ኸየት መጣሽ? ኸዚሁ» አልኩ። በእናቴ ድምፅ ወጣ። ከዚያ «ኹት» አልኩ። ወጣ! ኹት፣ ኹት፣ ኹት! ዘበኛው ታንቄ መስሎት ውሃ ይዞ መጣ።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ጌርዳ አልላትም። ኸርዳ ናት።

ዓርብ፣ ኅዳር 3

ቦኖ ውሃ ተሰልፌ በሰለችን ሰማኋት፤ ጎረቤታችንን። ጀርባዬን እያየች፣ እንዳልሰማ ያህል ዝቅ ብላ፣ እንድሰማ ያህል ከፍ ብላ። «ልጇን ለፈረንጅ ሰጠች። አሁን ደግሞ የሰው ባል ሾፌር መኪና ውስጥ በረሳ ዳር ትውላለች።»

መልስ መስጠት አቅቶኝ አይደለም። ምላሴ እንኳን ለበሰለች ለአገር ይበቃል። «ሰጠች» የሚለው ላይ አንደበቴ ተያዘ። እንስራዬን ባዶውን ይዤ ተመለስኩ።

ለባሌ ለአበባው ነገርኩት። አናጢ ነው፤ ቃልም እንደ ምስማር ቆጥሮ ነው የሚያወጣ። «ቤት ይምጣ» አለ። ትምህርቱ ከእንግዲህ ቤት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ጓድ ወልደተንሣኤ ወረቀት ዘርግቶ ጠበቀኝ።

«የምን ቋንቋ ነው ቤትሽ የሚጠናው?»

«ሆላንድኛ።»

«የኢምፔሪያሊስት ጎራ አይደለችም ሆላንድ? መማር ከፈለግሽ ለምን ራሽያኛ አትማሪም?»

«ልጄ ራሽያኛ አትችልማ ጓድ ሊቀመንበር።»

ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላውቅም። ብዕሩን አስቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ልጅቷ ግን የምር ድናለች?» አለኝ።

«ድናለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። ያለውን ራሱ ሰምቶ ደንግጦ በሩን አየ። ሳቄን ይዤ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

ብርዱ ጀመረ። ውርጩ የጓሮውን ባቄላ አጥቁሮታል። የምትመጣው ልጅ ምን ለብሳ ታድራለች?

ለአበባው ምሳ ልወስድለት ወደ መሥሪያ ቦታው ሄድኩ። ትንሽ አልጋ እየሠራ ነው፣ የልጅ። ለማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በሩ ጋ ስደርስ ድምፁን ሰማሁ። ጣውላውን እየላገ፣ መላጊያውን በገፋ ቁጥር «ኢክ ቤን የ ፋደር» ይላል። «ኢክ ቤን … የ ፋደር።» ዓብዱ ሲያስተምረኝ ጥግ ተቀምጦ ጋዜጣ የሚያነብ ነበር የሚመስለኝ።

ምሳውን ደፉ ላይ አኑሬ ሳያየኝ ተመለስኩ። ያኔ የመውጫ ፈቃዱን ወረቀት አልፈርምም ያለው እሱ ነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ዝም ያለኝ ስለዚያ ነው ብዬ ነው የማስበው። አሁንም እንዲያው ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 27

ዓብዱ ነገ አሰብ ይሄዳል፣ የቧንቧ ዕቃ ሊጭን። ከጥምቀት በፊት አይመለስም። እንግዲህ ብቻዬን ነኝ!

ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ቃል ሰጠኝ። «ይቺ ትልቅ ቃል ናት፣ አትርሻት። ‹ኾትፈርዶመ።› መካኒኩ ሞተር ሊከፍት ሲል ሁልጊዜ ይላት ነበር። ዕቃ ሲያነሳም፣ ብሎን ሲፈታም። ኾት ማለት አላህ ነው። እንግዲህ የእነሱ ቢስሚላህ ናት።»

ጥሩ። ምግብ ከማቅረቤ በፊት እላታለሁ፤ እግዜርን የምታውቅ እናት እንዳለቻት ትይ።

«አይዞሽ መምህርት፣ አሁን ኸርዳ ራሷ ብትሰማሽ ትደነግጣለች» አለኝ ሲወጣ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 3

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። አበባው ሄዷል። ቤቱ ጭር ብሏል፣ እንግዲህ ይጻፍ።

ያኔ ልጄን ስሸኝ ቦሌ የሆነውን ለማንም አልተናገርኩም። እጅጋየሁ እስከ በሩ ድረስ ዝም ብላ መጣች፤ ኸርዳ እጇን ስትይዛት ግን አንገቴን አንቃ ያዘችኝ። ጣቶቿ ሰማያዊ ነበሩ። ስታለቅስ ትንፋሿ እየተቆረጠ ነው፤ ሐኪሙ እንዳታለቅስ ብሎናል፣ ልቧ አይችልም። ብለምናት አባሰች። አውሮፕላኑ ሊሄድ ነው። ያን ጊዜ እጆቿን ከአንገቴ ላይ ፈልቅቄ አወረድኩና ጮህኩባት። «ሂጂ! ሂጂ አልኩሽ!» በተማሪ ላይ እንደምጮኸው። ደንግጣ ለቀቀችኝ። ለቅሶዋንም አቆመች። ኸርዳ ይዛት ገባች፤ ልጄ ወደ ኋላ እያየችኝ ሄደች።

ለመልካም ነው። አውቃለሁ ለመልካም ነው። ባትሄድ ትሞት ነበር። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። ከኔ አፍ የሰማችው የመጨረሻው አማርኛ «ሂጂ» ነው። ምናልባት አማርኛን የጠላችው ለዚህ ይሆናል። ልጅ ነገር አይረሳም።

አበባው መጣ፣ በቃኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 16

ነገ። ቤቱ ተጠርጓል። አልጋው ገብቷል፣ ብርድ ልብስ ሁለት። ጾም ነው፣ ለልጅ ግን ወተት ይፈቀዳል ብለዋል የንስሐ አባቴ። ዳኅ። ኢክ ቤን የ ሙደር። ሄፕ የ ፐይን። ሁለት ጊዜ ልብስ ቀየርኩ። ዛሬ ለምን እንደቀየርኩ እንጃ፤ የምትመጣው ነገ!

እሑድ፣ ታኅሣሥ 17

መጣች። ረዝማለች። ቀይ ጫማ። ጉንጯ ሞልቷል፣ ከንፈሯ ቀይ ነው፤ አምላኬ ከንፈሯ ቀይ ነው!

ከመኪናው ስትወርድ ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። እጄን ዘርግቼ «ነይ! ነይ የኔ እናት፣ ነይ!» አልኩ። ወደኔ ሁለት እርምጃ ጀምራ ነበር። ቀጥ ብላ ቆመች። የኋሊት ሄዳ ኸርዳ ቀሚስ ውስጥ ገባች።

በኋላ ተረጋግቼ «ኢክ ቤን የ ሙደር» አልኳት። ጥርት አድርጌ ነው ያልኩት። ኸርዳ ዓይኗ እንባ ሞላ። ልጅቷ ግን እንደ እንግዳ በትሕትና «ያ» ብላኝ ጫማዋን አየች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 20

ኸርዳ የምታድረው እንግዳ ማረፊያ ነው፤ ቀን ትመጣለች። «ለሁላችሁም ጊዜ ልስጣችሁ» ብላ አንዳንዴ ብቻችንን ትተወናለች። አማርኛዋ ያው «አይዞህ» ነው፤ ለሴቱም ለወንዱም፣ ለዶሮውም አይዞህ።

እጅጋየሁ ስጠይቃት ትመልሳለች። ስላጎርሳት ትጎርሳለች። ሳልጠራት መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች። ስጠራት ነው ጉዱ። «ነይ እጅጌ» ባልኩ ቁጥር ባለችበት ትደርቃለች። ዛሬ የሰአሊተ ምሕረትን ሥዕል ልታነሳ እጇን ስትሰድ እኔ ዳቦ ይዤ «ነይ» አልኳት፤ እጇን ወደ ጀርባዋ ደበቀች፣ እንደ ሌባ።

ቃሉን ብትረሳም ድምፄን አልረሳችም። በዚያ ድምፅ ነው ያባረርኳት። ይገባኛል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 23

ምሳ ሳቀርብ ቆሜ፣ እጄን አጣምሬ፣ ጎላ አድርጌ «ኾትፈርዶመ» አልኩ።

ኸርዳ ሹካዋን ጣለች። እጅጋየሁ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ከመጣች የመጀመሪያ ሳቋ! ጠረጴዛው ሥር ገብታ ሳቀች። አበባው ጸሎት መስሎት «አሜን» ሲል ኸርዳም ወንበር ይዛ ሳቀች። ለካ አስነዋሪ እርግማን ነው። መካኒኩ ሞተር በከፈተ ቁጥር ፈጣሪን ሲራገም ኖሮ፣ ዓብዱዬ የዋሁ ቢስሚላህ አድርጎት ኖሯል!

ግዴለም። አስቄያታለሁ። ስድቡ ከጸሎት በለጠ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 27

ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ገና ነገ ነው፤ አበባው ለነገ በግ ገዝቶ ገባ። እጅጋየሁ ግቢው ጥግ በጣውላ ቁርጥራጭ ትጫወታለች። በጉ ገመዱን በጥሶ በረረ። አበባው ከኋላው እየሮጠ «ቆም! ቆም በል አንተ! ቆም!» ብሎ ጮኸ።

በጉ አልቆመም። እጅጋየሁ ግን ጣውላዋን ጥላ ተነሳች፣ እየሮጠች ወደ አባቷ መጣች፣ ከፊቱ ቀጥ ብላ ቆማ ሽቅብ አየችውና «ያ?» አለችው። አበባው የተበጠሰ ገመድ ይዞ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ በጉ እንዳይወጋት ፈርቼ ከበሩ «ነይ ወዲህ!» ብዬ ጮህኩ። አንድ እግሯን እንዳነሳች ደረቀች።

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። የራሴን ቃል በእሷ ጆሮ ሰማሁት። ነይ፣ ኔ፦ እምቢ። ኮም፣ ቆም።

በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አሥር ቀን ሙሉ እጄን ዘርግቼ፣ ዳቦ ይዤ፣ እያለቀስኩ፣ ልጄን «እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ» ስላት ከርሜያለሁ! ዕውቀት ያለኝ መስሎኝ «ኔ» ብዬ በጥንቃቄ ደብተር ላይ ጻፍኩ፣ «ነይ» ስል ግን ያንኑ ድምፅ አልሰማሁትም። አስተማሪ ተብዬ!

«ኮም» አልኳት፤ ቀስ ብዬ።

መጣች። እየሮጠች መጣች። አንገቴን ያዘችኝ። ደረቷ ላይ ጆሮዬን ጣልኩ፤ ልቧ ድም ድም ይላል፣ ሳይዛነፍ።

በጉ በሰለች ጓሮ ተገኘ። እሷው ጎትታ አመጣችው። እጅጋየሁ አንገቴ ላይ እንዳለች አየችንና ገመዱን ለአበባው አቀብላ «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ» ብላ ወጣች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ማክሰኞ፣ ጥር 3

ለኸርዳ ሳስረዳት ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ሳቀች። ለእጅጋየሁም በሆላንድኛ ነገረቻት። አሁን ጨዋታ ሆኗል። ግቢው መሀል ቆማ እጇን እንደኛ ወደ ታች እያርገበገበች «ነይ!» ትለኛለች። ስሄድላት በመዳፏ ገፍታኝ «ኔ! ኔ!» እያለች በሳቅ ትፈርሳለች። መልሳ ትጠራኛለች። ወገቤ እስኪቆረጥ ተመላለስኩ።

ተራ በተራ እንማማራለን። እሷ ቤቱን እያሳየች በሆላንድኛ ትነግረኛለች፤ ከንፈርን ለፉጨት አሹሎ «አይ» እንደማለት ያለ ጉደኛ ድምፅ አለው፤ በጣቶቿ ከንፈሬን ይዛ ታስተካክለኛለች። እኔ «ቤት» እላታለሁ። «ቤት» ትላለች፣ ጥርት አድርጋ። ዛሬ ሳላስበው በአማርኛ «ውሃ ልስጥሽ?» አልኳት። ሳታስበው «እህ» ብላ ትንፋሿን ሳበች። ጉንፋን አልነበረም።

አልደሰት። እሑድ ይሄዳሉ።

ቅዳሜ፣ ጥር 7

ተነጋገርን። ኸርዳ «ነገ የመኪናውን በር ከፍቼ አንድ ጊዜ ብቻ እጠራታለሁ። ካልመጣች አልደግምም። አንቺም አንድ ጊዜ ጥሪያት» አለችኝ። ዓይኗ አብጧል። የሁለት ዓመት ከመንፈቅ እናት ናት እሷም፣ ሌሊቱን አጠገቧ ስትቀመጥ የኖረች። ልጠላት ብሞክር አልሆነልኝም።

«እኔ አልጠራትም። እኔ አንድ ጊዜ ሂጂ ብያታለሁ፤ ነይ የምልበት አፍ የለኝም» አልኳት።

ወረቀቱን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ብዕሩንም አጠገቡ። መኪናው ውስጥ ከገባች እፈርማለሁ። ደግሜ አልጮህባትም፣ ደግሜም አንገቷን አልይዝም።

አበባው ወረቀቱን አየና አጠገቤ ተቀመጠ። «ሸዋዬ» አለ። «ያኔ ባትፈርሚ ኖሮ ነገ የምትመርጥ ልጅ አትኖረንም ነበር።»

ይህን ለመናገር ሁለት ዓመት ከመንፈቅ! ልቆጣው ብዬ አፌን ከፍቼ አለቀስኩ።

እሑድ፣ ጥር 8

መኪናው በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩ የኸርዳን ሻንጣ ጫነ። የእጅጋየሁ ሻንጣ ደጃፉ ላይ ነው፣ ወዲህም ወዲያም ሳይሆን። እሷ ግቢው መሀል ናት፣ ቀይ ጫማዋን አድርጋ፣ አባቷ ያሰፋላትን ትንሽ በርኖስ ለብሳ። አበባው አልጋውን የሠራበትን መላጊያ በባዶ እጅ ላለመቆም ይዟል። እኔ ምሰሶውን ይዤ ከበሩ ቆምኩ። አፌን በነጠላዬ ያዝኩት፣ እንዳያመልጠኝ።

ኸርዳ የመኪናውን በር ከፈተች። «ኮም፣ ኤዪኻየሁ» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ።

ልጄ አየቻት። ወደሷ ሄደች። ወገቧን አቀፈቻት፣ ረዥም ጊዜ። ከዚያ ለቀቀቻትና ወደ ግቢው መሀል ተመለሰች። ኸርዳን እያየች «ዳኅ» አለች። ቀጥሎ ወደኔ ዞረች። እጇን ወደ ታች አርገበገበች።

«ነይ» አለች።

አንድ ቃል ነው ያለችው። ኸርዳ በራሷ ቋንቋ ሰማችው፤ እኔም በራሴ። ማናችንም አልተሳሳትንም። ኸርዳ የመኪናውን በር ቀስ ብላ ዘጋችው።

«መጣሁ» አልኩ።